ነፍሰ ጡር እናቶችና የጤና መድን ምዝገባ

በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አባልነትን በቤተሰብ ማድረጉ ተገቢ ነበር። ሆኖም የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች ነፍሰ ጡር ያለችበትን ቤተሰብ ለይተው ለማስመዝገብ ሲተጉ እምብዛም አይታይም። «በጤና ጣቢያ መውለድ ነፃ ነው» የሚለው መልስ ግማሽ እውነት ነው፤ ከወሊድ በኋላ ሳይድን ለቀረ የደም ግፊት የሚሰጠው የዓመታት ሕክምና ያስከፍላል። ምዝገባው ለቀበሌ የመዋጮ ዘመቻ የተተወ ሲሆን፣ ዘመቻው የሚከተለው የመከርን ወቅት እንጂ የእርግዝናን ወራት አይደለም። ማን እንዳረገዘች ግን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከሊቀ መንበሩ ቀድማ ታውቃለች (ጎረቤቶች ደግሞ ከእርሷም ይቀድማሉ)። በመጀመሪያው የቅድመ ወሊድ ክትትል ክብደትና የደም ግፊት ይለካል፤ የመድን አባልነት መታወቂያ መኖሩ ግን ብዙውን ጊዜ ሳይጠየቅ ይታለፋል። ለዚህ ጥያቄ በክትትል ካርዱ ላይ አንድ መስመር ይበቃው ነበር።