ቁም ነገር የማያውቅ መብራት

እኔ ሠርግ ደርሼ ነው የመጣሁት። ዓይኔ እስካሁን ብልጭ ድርግም ይልብኛል።

ሠርጉ ልደታ ነበር፤ ከፍርድ ቤቱ ብዙም በማይርቅ አንድ አዳራሽ ውስጥ። ሙሽሪት የቅርብ ወዳጄ ልጅ ናት። ክርስትናዋን በልቻለሁ፣ ስትመረቅ ኬኳን ቀምሻለሁ፤ ሠርጓ ላይማ እንዴት እቀራለሁ! ሰዓት አክብሬ ሄድኩ። እኛ አገር ሠርግ ላይ ሰዓት ማክበር ማለት ወንበር ደርዳሪዎቹን መርዳት ማለት ስለሆነ ባዶውን አዳራሽ ቁጭ ብዬ ሳይ ቆየሁ።

እውነቱን ለመናገር አዳራሹ ደስ ብሎኝ ነበር። በግራና በቀኝ አራት አራት ዓምዶች አሉ። በየዓምዱ ሥር አንድ አንድ መብራት መሬት ላይ ተቀምጦ ብርሃኑን ወደ ላይ ይለቃል። የማር መልክ ያለው ብርሃን ከዓምዱ ሥር ተነሥቶ ጣሪያው ድረስ ይወጣል። በቀን ሲያዩት ቀለሙ የተላላጠው ግድግዳ ቤተ መንግሥት መስሏል። ማንም ዓይን ውስጥ የሚገባ ነገር የለም። "ሰው እኮ ተሻሽሏል" አልኩ በልቤ።

ለካስ የቸኮለ ምስጋና ነበር።

ሙሽሮቹ ገቡ፣ ዲጄው ሙዚቃውን ለቀቀ፣ ስምንቱም መብራቶች አንገታቸውን ከዓምዱ ላይ መለስ አደረጉ። መብራት አንገት አለው እንዴ? ይሄኛው አለው። ባለሙያዎቹ "ሙቪንግ ሄድ" ይሉታል፤ ጭንቅላቱ የሚዞር እንደማለት ነው። አንድ ዙር ተኩል ድረስ መዞር፣ ቀና ደፋ ማለት፣ ቀለም መቀያየር ይችልበታል። ስምንቱ ዓምዱን ትተው ጠረጴዛ ለጠረጴዛ እየዞሩ እድምተኛውን ይፈትሹት ጀመር። አንዱ ሰማያዊ ሆኖ የጎረስኩትን ሲያይብኝ፣ ሌላው ቀይ ሆኖ ከጀርባዬ መጣ። ድሮ እንዲህ ያለ መብራት ሲዞር የምናየው እስረኛ ያመለጠበት ፊልም ላይ ነበር።

አጠገቤ የሙሽሪት አያት ተቀምጠዋል። ለዚህች ቀን ብለው ከጎጃም ድረስ በአውቶቡስ የመጡ ናቸው። አንደኛው ዓይናቸው ላይ የሞራ ግርዶሽ አለ። መብራቱ በመጣ ቁጥር ነጠላቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ ያደርጉታል፤ ሲሄድ ዝቅ ያደርጉታል። መልሶ ይመጣል፤ መልሰው ይሳባሉ። በመጨረሻ ተሸፋፍነው ቁጭ አሉ። የማያውቅ ሰው ቢያያቸው ለቅሶ የመጡ ይመስለው ነበር።

"እማማ፣ ሙሽሪትን አይተዋታል?" አልኳቸው።

"ኧረ የት አይቻት! ነጭ ነገር ሲንቀሳቀስ ነው የማየው።"

ቀጥሎ ምርቃት ሆነ። ሙዚቃው ቆመ። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉ። አንድ ሐረግ ይላሉ፣ አዳራሹ በሙሉ "አሜን!" ይላል፤ ይኼኔ ስምንቱም መብራቶች ዘለሉ። "አሜን!" ሲባል ሐምራዊ፣ "አሜን!" ሲባል አረንጓዴ። መጀመሪያ ላይ ሰው እያሾፈ መሰለኝ። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፤ ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ መብራቶች ሆዳቸው ውስጥ ትንሽ ማይክሮፎን አለቻቸው። የሚቆጣጠራቸው ሰው በሌለ ጊዜ ራሳቸው ድምፅ እየሰሙ እንዲጨፍሩ ነው የተሠራችው። ለማይክሮፎኗ ከበሮም አሜንም ያው ነው። አጠገቤ የነበሩ ልጆች ነገሩ ገብቷቸው፣ መብራቱን ለማስዘለል ሲሉ አሜናቸውን ያስጮሁት ጀመር። ምርቃቱ ጨዋታ ሆነ።

አልቻልኩም፣ ተነሣሁ። መብራቱን ያመጣውን ልጅ ከድምፅ ማጉያው ጀርባ አገኘሁት።

"የኔ ወንድም፣ እነዚህን መብራቶች ቅድም እንደነበሩት ዓምዱ ላይ ብታቆማቸው ምናለበት? እንዴት ያምሩ ነበር እኮ!"

"ጋሼ ሙት፣ ለኔም እሱ ይሻለኛል" አለኝ። "ግን ቆመው ካመሹ ደንበኛው 'ሙቪንግ ነው የተከራየነው፣ ለምንድነው የማይንቀሳቀሰው?' ይላል። ባለፈው አንዱ 'ግማሹ ተበላሽቶ ነው ያመጣችሁት' ብሎ ሒሳብ ቀነሰብን።"

ይህን ስሰማ ልጁ ላይ ልለቀው ያዘጋጀሁትን ቁጣ መልሼ ዋጥኩት። ጥፋቱ ለካ ወደ እኛው ወደ ከፋዮቹ ነው የሚዞረው። ቆሞ የሚሠራ ነገር ለእኛ ሥራ የፈታ ነገር ነው። ዝም ያለ ሰው ያላወቀ፣ ያልተንቀሳቀሰ መብራት የተበላሸ ይመስለናል።

መሣሪያውን እየወቀስኩ አይደለም። የመጣበትን ቤት ማወቅ ግን ደግ ነው። በጥቅሉ የምናውቀው ዓይነት ተንቀሳቃሽ የመድረክ መብራት ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ቫሪ ላይት የተባለውን መብራት አሜሪካ ቴክሳስ ውስጥ ያለ አንድ የድምፅና የመብራት ኩባንያ ሠርቶት፣ "ጄኔሲስ" የተባለው የእንግሊዝ የሮክ ባንድ ባርሴሎና ላይ ጉብኝቱን ሲጀምር ተሰቀለ። የባንዱ ስም ወደ እኛ ሲመለስ ዘፍጥረት ነው፤ ብርሃን ስለተፈጠረበት ቀን የሚተርከው መጽሐፍ። እ.ኤ.አ. በ1986 ደግሞ ዲኤምኤክስ 512 የሚባለው የመቆጣጠሪያ ስምምነት ወጣና አንድ ሰው አንድ ቦታ ቁጭ ብሎ በአንድ መስመር እስከ 512 ትእዛዝ መላክ ቻለ። እንግዲህ ይህ ሁሉ የታሰበው ለመድረክ ነው። መድረክ ላይ የሚታየው ጥቂት ሰው ነው፤ ተመልካቹ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል፤ መብራቱም ከላይ ተሰቅሎ መድረኩን ያጅባል።

ሠርግ ግን እንዲህ አይደለም። ሠርግ ላይ ሁሉም ተመልካች ነው፤ ሁሉም ታያለሽ ታያለህ ነው። ሃያ ዓመት ያልተያየ ዘመድ "አንተ ነህ እንዴ!" የሚባባለው እዚያ ነው። የተኳረፈ የሚታረቀው፣ ልጅ ያደረሰ ለልጁ የሰው ልጅ የሚያጨው እዚያ ነው። ለዚህ ሁሉ ፊት ያስፈልጋል። ፊት ለማየት ደግሞ ቆሞ የሚጠብቅ ብርሃን ያስፈልጋል።

ከታች ወደ ላይ የሚበራ መብራትም ሥራው ይኸው ነው። ግድግዳው ብርሃኑን ይቀበልና አለስልሶ ለሰው ይመልሰዋል። ለዚህ ሥራ ተራ የኤልኢዲ ፓር ይበቃል። ተንቀሳቃሹን ለዚህ ማዋልም ኃጢአት አይደለም፤ እንዲያውም ጥቅም አለው። መሰላል ሳይወጡ አቅጣጫውን ያስተካክሉታል፤ ራት ላይ ግድግዳ ሲያደምቅ ያመሸው ያው መብራት ጭፈራ ሲጀመር ጨፋሪ ይሆናል። አንድ መሣሪያ ለሁለት ሥራ ማለት ነው። ነገር ግን ዓይነቱን መምረጥ ይጠይቃል። ብርሃኑን ዘርጋ አድርጎ የሚረጨው ዓይነት አለ፤ እንደ ጦር ቀጥ አድርጎ የሚወረውረው ደግሞ አለ። ጦሩን መሬት ላይ ካስቀመጡት፣ አንገቱን ባዞረ ቁጥር የሚያርፈው የተቀመጠ ሰው ዓይን ላይ ነው። መጋረጃ አጠገብ ሲቀመጥም የባሰ ነገር አለ። ጦሩ ብርሃኑን ብቻ ሳይሆን ሙቀቱንም ሰብስቦ ነው የሚልከው፤ ለዚህ ነው አምራቾቹ ብርሃኑ ከሚያርፍበት ነገር በምን ያህል ሜትር መራቅ እንዳለበት አካሉ ላይ የሚጽፉት። እኛ ግን ከቱል ጨርቅ ጋር አሳቅፈን እናስቀምጠዋለን።

የዓይንን ነገር ደግሞ ቀልድ አናድርገው። በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ በኢትዮጵያ ካሉት ዓይነ ስውራን ግማሽ ያህሉን ለዚህ የዳረጋቸው የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነው። ሞራው የገባውን ብርሃን ስለሚበታትነው፣ ለኛ ብልጭታ የሆነው ለእሳቸው እንደ ጭጋግ ነው። የሚጥል ሕመም ካለባቸውም አንዳንዶቹን በሰከንድ ከ3 እስከ 30 ጊዜ ብልጭ የሚል ብርሃን ሊጥላቸው ይችላል። መጥሪያ ስንልክ እነዚህንም ጠርተናል አይደል እንዴ?

ወደ ሠርጉ ልመልሳችሁ። የሽማግሌው ምርቃት አልቆ ተራው የአያቲቱ ሆነ። ደግፈን አስነሣናቸው። ሙሽሪት ጉልበት ልትስም ዝቅ ስትል... መብራት ጠፋ። አዲስ አበባ አይደል? አዳራሹ አንዴ "ውይ!" አለ። ጥቂት ቆይቶ ጄነሬተሩ ተነሣ፤ የጣሪያው አምፖሎች በሩ። ስምንቱ ግን ጨለሙ።

ልጁን በኋላ ጠየቅኩት። የእነዚያ መብራቶች አምፖል ተራ አምፖል አይደለም፤ ጋዝ የታመቀበት ነው። በሥራ ላይ እያለ ድንገት ከጠፋ፣ እስኪበርድ ድረስ ጥቂት ደቂቃ ካልቆየ መልሶ አይነሣም። ኤልኢዲ ቢሆኑ ኖሮ ወዲያው ይበሩ ነበር። እግዜር ይስጠው፣ አልሆኑም!

በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ያ አዳራሽ የሰው አዳራሽ ሆነ። አያቲቱ ነጠላቸውን ከግንባራቸው ገለጥ አደረጉ። የልጅቷን ፊት በሁለት እጃቸው ያዙና ወደ ደኅናው ዓይናቸው አስጠጉት።

"እሰይ! አሁን ገና አየሁሽ" አሉ። "ቁርጥ እናትሽን።"

ከዚያ መረቁ። ድምፃቸው ቀጭን ነው፤ ግን ማንም አልጮኸም፣ ልጆቹ እንኳ ዝም አሉ። አሜኑ ከሆድ ነበር። ሙሽሪትም ሦስት ሰዓት የፈጀው ሜካፕ በእንባ ሲሄድባት ግድ አልሰጣትም። እኛ ኤሌክትሪኩንም አምፖሉንም "መብራት" ነው የምንለው። የዚያን ዕለት መብራት የጠቀመን በመጥፋቱ ነው።

መጨረሻ ላይ ስምንቱ ነቁ። እንዲህ ያለ መብራት ኤሌክትሪክ ሲያገኝ በመጀመሪያ መነሻ ቦታውን ይፈልጋል፤ ዞሮ ዞሮ፣ ሰግዶ ቀና ብሎ ነው ወደ ሥራው የሚገባው። እንደ ሰካራም ሲዞሩ ሳቅን። አያቲቱም ነጠላቸውን መልሰው ሳቡ። አሁን ግን ግድ የላቸውም፤ የመጡበትን አይተዋል።

ልደታ ላይ ይህ ነገር መሆኑ ይበልጥ ቆጨኝ። በግንቦት አንድ ልደታ ጎረቤት ደጅ ወጥቶ ንፍሮውን ቀቅሎ፣ ቡናውን አፍልቶ፣ ዳቦውን ቆርሶ አብሮ ይቀመጣል። የሚያየው በእሳቱ ብርሃን ነው፤ እሳቱም መሐል ላይ ቆሞ የሁሉንም ፊት እኩል ያሳያል። የሰፈሩ አሮጌ ቤቶች በ2000ዎቹ መጀመሪያ ፈርሰው ኮንዶሚኒየም ሲተካ፣ ድንኳን ይጣልባቸው የነበሩት ብዙዎቹ ጉራንጉሮች አብረው ሄዱ። ሠርጋችንም ወደ አዳራሽ ገባ። ይሁን፣ ዘመን ነው። አዳራሽ ስንገባ ግን መተያየቱን ደጅ ጥለነው መግባት የለብንም።

ደግሞ ይህ የመጀመሪያችን አይደለም። የቪዲዮ ካሜራ የመጣ ሰሞን አንድ ልጅ እሳት የሚተፋ መብራት በእጁ ይዞ፣ ገመዱን እየጎተተ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ሲዞር ትዝ አይላችሁም? የዚያን ዘመን ካሴት ብታዩ እድምተኛው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ነው ክትፎ የሚጎርሰው። ያን ጊዜ ሰውን ያጨናበስነው ለካሜራው ስንል ነበር። አሁን ለምን እንደሆነ እንጃ።

ስለዚህ ደጋሾች ሆይ፣ ስለ ኬኩ ፎቅ ሦስት ጊዜ ስትሰበሰቡ አንዱን ስብሰባ ለመብራቱ ስጡት። የመብራቱን ነገር "ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ" አታድርጉት። ልጁን አስቀድማችሁ "በራትና በምርቃት ሰዓት መብራቱ ግድግዳው ላይ ይቁም፤ በጭፈራ ሰዓት እንደፈለገ ይሁን፤ ማይክሮፎኗን አጥፋ፤ ብታቆመው ሒሳብህ አይቀነስም" በሉት። በተለይ የመጨረሻዋን አትርሱ። ልጁ ማቆሙን ይችልበታል። ማን ይፈቀድለት?

አባቶቻችን ትልቅ ጉዳይን "ቁም ነገር" ያሉት ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ቆመው የሚሰሙት፣ ቆመው የሚያዩት ነገር አለ። ጭፈራው ሲደርስ አብረን እንዞራለን፤ መብራቱም ይዙር። አያት የልጅ ልጃቸውን ሲመርቁ ግን መብራቱም ቁም ነገር ይወቅ።

ደኅና ሰንብቱ።