«ማሽ» እና የተመቸ ትዝታ

ዛሬ በናፍቆት ከሚነሱት የአሜሪካ ቴሌቪዥን የጦርነት ድራማዎች አንዳንዶቹ ከሚተርኩት ጦርነት ወይም ዘመቻ የረዘመ ዕድሜ ነበራቸው። ከእ.ኤ.አ. 1962 እስከ 1967 በኤቢሲ የቀረበው «ኮምባት»፣ በኖርማንዲ ጠረፍ ካረፈው ጦር ጋር በፈረንሳይ የሚዋጋን አንድ የእግረኛ ጓድ እየተከተለ፣ አንድ ዓመት ያልሞላውን ዘመቻ አምስት ዓመት አስኪዶታል፤ ከ1972 እስከ 1983 በሲቢኤስ የታየው «ማሽ» ደግሞ ሦስት ዓመት የፈጀውን የኮሪያ ጦርነት ለአሥራ አንድ ዓመት አራዝሞታል። በዚህ መለጠጥ ጦርነቱ ሳምንታዊ ልማድ ስለሚሆን፣ ተመልካቹ ኋላ የሚናፍቀው በየሳምንቱ ቤቱ ይገቡ የነበሩትን ገጸ ባሕርያት እንጂ ውጊያውን አይደለም። «ማሽ» ከአቻዎቹ የሚበልጠው ይህንኑ ምቾት ደጋግሞ በማወኩ ነው።

ድራማው የሚያጠነጥነው በአንድ ተንቀሳቃሽ የጦር ሜዳ ሆስፒታል ሐኪሞች ላይ ሲሆን፣ ጣቢያው እንደ ማንኛውም ኮሜዲ የተቀዳ ሳቅ፣ ማለትም ተመልካቹ መቼ መሳቅ እንዳለበት የሚጠቁም አስቀድሞ የተቀረጸ ድምፅ፣ እንዲታከልበት አስገድዶ ነበር። አዘጋጆቹ ላሪ ጌልባርትና ጂን ሬይኖልድስ ተቃውመው ያገኙት ስምምነት ከቀዶ ጥገናው ክፍል ሳቁ እንዲወጣ የሚያደርግ ነበር፤ በዚህም ቀልዱና ደሙ በአንድ ድራማ ውስጥ በድምፅ ተለዩ። በመጋቢት 1975 ተወዳጁ አዛዥ ሌተና ኮሎኔል ሄንሪ ብሌክ ወደ አገሩ ሲመለስ አውሮፕላኑ ተመትቶ መሞቱ የተነገረውም በዚሁ ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ በርካታ ተመልካቾች ቁጣቸውን በደብዳቤ ገልጸዋል።

ይሁንና የድራማው ኮሪያ በአመዛኙ የቬትናም ጭንብል ነበረች፤ ተራሮቿም የካሊፎርኒያ ናቸው። የኮሪያን ጦርነት ከ1951 ጀምሮ በዘመተው የቃኘው ሻለቃ በኩል ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ፣ ይህች ኮሪያ እንግዳ ብትሆንበት አይገርምም። ኮሪያውያን ራሳቸው እንኳ አብዛኛውን ጊዜ የሚታዩት በቁስለኛነት፣ በስደተኛነት ወይም በአገልጋይነት ነው።

ከ100 ሚሊዮን በላይ ሰዎች እንደተከታተሉት የሚነገረው የየካቲት 28 ቀን 1983 ማሳረጊያ ክፍል የተቀዳ ሳቅ ጨርሶ የለውም። ዋናው ገጸ ባሕርይ ሆክአይ አእምሮው ታውኮ በሕክምና ላይ ሳለ አንድ አውቶቡስ ያስታውሳል፤ የጠላት ቅኝት ተሳፋሪዎቹን እንዳይሰማቸው ጩኸቱን አስቁሚ ብሎ የተቆጣት ሴት ዶሮዋን አፍና ገደለች ይላል። የአእምሮ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ሲመረምረው ግን ዶሮ የተባለው የሴቲቱ ሕፃን እንደነበር ይወጣል። ድራማው ሊሰናበት ሲል ስለ ትዝታ ያለውን ጥርጣሬ የገለጸው በዚህ ነው፤ አእምሮ ሊሸከመው ያልቻለውን በሚቻለው ይተካል፤ ለአሥራ አንድ ዓመት ጦርነትን በቀልድ የተመለከተ ሕዝብም ከዚህ ክስ ነፃ አይደለም። ክሱ ድራማውን ራሱንም ይነካዋል፤ የታሪኩ ክብደት ያረፈው በአሜሪካዊው ሐኪም ፈውስ ላይ በመሆኑ፣ ኮሪያዊቷ እናት ከአውቶቡሱ ከወረደች በኋላ ምን እንደደረሰባት የሚጠይቅ አንድም ገጸ ባሕርይ የለም።