አንሳፋፊው ማን ነው?

መቸም ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው አንድ ክፉ ልማድ አለው፤ ሰው ሲያጫውተው ከነገሩ ይልቅ ቃሉን ይይዛል። ባለፈው ሰሞን አንዲት የቀድሞ ተማሪዬን መንገድ ላይ አግኝቼ «ሥራ እንዴት ነው?» ብላት፣ «ጋሼ፣ ተንሳፋፊ ሆኛለሁ» አለችኝ።

የመንግሥት መሥሪያ ቤትን የሚያውቅ ሰው ቃሉ አይጠፋውም። አዲስ መዋቅር ተሠርቶ፣ የምደባው ዝርዝር ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ስሙን ያጣ ሠራተኛ ተንሳፋፊ ይባላል። በ2000 ዓ.ም. ግድም ቢፒአር የተባለው መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ በየቢሮው ሲገባም ስንቱ ሰው ሰሌዳ ፊት ቆሞ ስሙን በጭንቅ ፈልጓል።

እስቲ ቃሉን እንየው። ተመደበ፣ ተዛወረ፣ ተቀነሰ ስንል ከጀርባው መዳቢ፣ አዛዋሪ፣ ቀናሽ እንዳለ ሰዋስው ራሱ ይነግረናል። ተንሳፈፈ ግን አድራጊ አይጠይቅም። ሰውዬው እንደ ኩበት ቀልሎ በራሱ ጊዜ ውኃ ላይ የቀረ ያስመስለዋል።

ይህ ሳይበቃ ስልጠና አለ። ተማሪዬ ምደባዋን እየጠበቀች ሳለ ሁለት ቀን ስለ ጽናትና ስለ አዎንታዊ አስተሳሰብ ሰልጥናለች። «ለውጥ ዕድል ነው አለን። ሻይ ሰዓት ላይ ዝርዝሩ መቼ ይወጣል ብንለው፣ እሱን እኔ አላውቅም አለ» ብላ ሳቀች። ጽናት ትልቅ ቃል ነው። ለጠየቀ ሰው በመልስ ፈንታ ሲሰጥ ግን ማስታገሻ ኪኒን ይሆናል።

በአሰልጣኙ እንዳልፈርድ የራሴ ነገር ይይዘኛል። በ2001 ዓ.ም. ገደማ የዩኒቨርሲቲ ቅበላ 70 በመቶው ለሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ለማኅበራዊ ሳይንስና ለመሳሰሉት ይሁን ሲባል፣ በትምህርት ክፍላችን የነበሩ ወጣት መምህራን «ነገ ምን ልንሆን ነው?» ብለው መጡ። «ሙያችሁን አክብሩ፣ ሌላው ይደርሳል» አልኳቸው። የበዓሉ ግርማን «ከአድማስ ባሻገር» ጠቅሼ፣ በመንግሥት ሥራና በጥበብ ጥሪ መካከል ስለተወጠረው ስለ አበራ ወርቁ ተረኩላቸው። ንግግሬ ያምር ነበር። ስብሰባ ላይ ግን ስለ እነሱ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።

«ታዲያ ሦስት ወር ሙሉ ምን ስትሠሪ ቆየሽ?» አልኳት። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበረች። ጠዋት ጠዋት እየሄደች፣ በቦታዋ ለተመደበው ልጅ የትኛው ፋይል የት እንዳለ ታሳየዋለች።

«ተይው አይሉሽም?»

«ይሉኛል። ግን ጋሼ፣ ባለጉዳዩ ምን አጠፋ?»

የሥራ ትርጉም የሚሉት ነገር እዚህች ጥያቄ ውስጥ ታየኝ። ስልጠናው አልሰጣትም፤ ለዓመታት መስኮቷ ላይ የቆመው ባለጉዳይ ነው ያስተማራት። ነገር ግን ጽናቷን አድንቄ ዝም ብል ያንኑ የድሮ ንግግሬን መድገሜ ነው። እሷ የድርሻዋን ሠርታለች። መስፈርቱን መንገር፣ ቀኑን መቁረጥ፣ ለቅሬታዋ በጽሑፍ መልስ መስጠት የአለቆቿ ሥራ ነው። ዝርዝሩን የፈረመው ሰው ስምም ወንበርም አለው።

ከእንግዲህ ተንሳፋፊ ነኝ ለሚለኝ ሰው «አይዞህ» ከማለቴ በፊት «ማን አንሳፈፈህ?» እለዋለሁ።