«ፈሳሽ ማግኔት» ወይስ «ማግኔታዊ ፈሳሽ»?

ሙያዊ ቃል የሚመዘነው ለጆሮ በመጣፈጡ ሳይሆን የነገሩን ጠባይ ሳያዛባ በማስረዳቱ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው በኤሌክትሮማግኔት ኃይል እየተነሣና እየወደቀ ድምፅን በቅርጽ የሚያስከትለውን ጥቁር ፈሳሽ፣ እንዲሁም ሥራውን የምንገልጽበትን ግስ ነው።

ፈሳሹን እ.ኤ.አ. በ1963 የሠራው በአሜሪካው የጠፈር ድርጅት በናሳ የነበረው ስቲቭ ፓፔል ሲሆን፣ ዓላማውም ክብደት በማይሰማበት ጠፈር የሮኬትን ነዳጅ በማግኔት ለመሳብ ነበር። በውስጡ 10 ናኖሜትር ገደማ የሆኑ የማግኔታይት ቅንጣቶች አሉ፤ እርስ በርስ እንዳይጣበቁም ስስ ሽፋን ለብሰው በዘይት ወይም በውሃ ውስጥ ተበትነዋል። ጠንካራ ማግኔት ሲቀርበው ፈሳሹ እሾኽ የመሰሉ ጉብታዎች ያወጣል፤ ማግኔቱ ሲርቅ ተመልሶ ይተኛል።

ለዚህ ነገር ሦስት ስያሜዎች ይታሰባሉ። «የብረት ፈሳሽ» ብንል አንባቢው በእሳት የቀለጠ ብረት ይመስለዋል። «ፈሳሽ ማግኔት» አጭርና ለአፍ የሚመች ነው፤ ሆኖም በአማርኛ የሐረግ መሪ የኋለኛው ቃል ነውና ነገሩ በራሱ ማግኔት ነው ማለት ይሆናል። ፈሳሹ ግን ከማግኔቱ መስክ ሲወጣ ማግኔትነቱን ይዞ አይቆይም። «ማግኔታዊ ፈሳሽ» ሲባል መሪው ፈሳሽ ነው፤ ቅጽሉም ጠባዩን ብቻ ያመለክታል። ስለዚህ ይህን እንመርጣለን።

የከበደው ችግር በግሱ ላይ ነው። «ፈሳሹ ድምፅን ያሳያል» ማለት ይገባልን? እ.ኤ.አ. በ1787 ግኝቱን ያሳተመው ጀርመናዊው ኧርንስት ክላድኒ በሳህን ላይ አሸዋ ነስንሶ ጠርዙን በቫዮሊን ደጋን ሲፈትገው፣ አሸዋው ከሚንቀጠቀጠው ቦታ እየሸሸ በማይንቀጠቀጠው ላይ ይሰበሰብ ነበር። አሸዋውን የገፋው ድምፁን ያስገኘው ንዝረት ራሱ ነው። ጃፓናውያኑ ሳቺኮ ኮዳማና ሚናኮ ታኬኖ እ.ኤ.አ. በ2001 ባቀረቡት «ፕሮትሩድ፣ ፍሎው» በተባለው ሥራ ግን መንገዱ ሌላ ነው፦ የተመልካቹን ድምፅ ማይክሮፎን ይቀበላል፤ ኮምፒዩተር የድምፁን ጉልበት ወደ ኤሌክትሪክ ኃይል ይለውጣል፤ ኤሌክትሮማግኔቱም በዚያው ልክ ፈሳሹን ይስባል። ድምፁ ፈሳሹን ቅርጽ የሚያስይዘው በእነዚህ አማካይነት ነው። ጉልበቱ እንጂ ቅጥነቱና ውፍረቱ የግድ አይታይም።

ስለዚህ ለክላድኒ ሳህን «ንዝረትን ማሳየት»፣ ለማግኔታዊ ፈሳሽ ደግሞ «ድምፅን በቅርጽ መተርጎም» እንዲባል እናሳስባለን። ይህ የሠዓሊዎቹን ክብር አይቀንስም፤ እንዲያውም የመረጡትንና የተዉትን ለይቶ ስለሚያሳይ ሥራቸው ሥራ መሆኑን ያስታውቃል። «ማሳየት» የሚለው ግስ ግን ምርጫቸውን ሰውሮ ሁሉን ለተፈጥሮ ይሰጣል።

ነገሩ የቃል ክርክር ብቻ ነው የሚል ቢኖር ተማሪውን ያስብ። በመዝገበ ቃላት አንድ ግስ ተዛብቶ ከገባ፣ ተማሪው ስሕተቱን እንደ ዕውቀት ይወርሰዋል፤ ድምፅ በራሱ ማግኔትን የሚያንቀሳቅስ ኃይል አለው ብሎም ይቀራል።