የመመረቂያ ጽሑፎች ምስክርነት በመዝገበ ቃላት ሥራ

እንደሚታወቀው መዝገበ ቃላት የሚቆመው በምስክር ነው። ምስክሩ መጽሐፍ፣ ጋዜጣ ወይም የተናጋሪ አንደበት ሊሆን ይችላል። የመመረቂያ ጽሑፍ ግን ከእነዚህ ተርታ ሲቆጠር እምብዛም አይታይም፤ ሲቆጠርም ብዙ ጊዜ ያለ ምርመራ ነው። በሁለቱም በኩል ጉዳቱ ቀላል አይደለም።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1978 ከተቋቋመ ወዲህ ስለ ቋንቋ፣ ስለ ዕደ ጥበብና ስለ እርሻ አያሌ ጽሑፎች ቀርበዋል። ዛሬ ብዙዎቹ በኤሌክትሮኒክስ ቋት ይገኛሉ። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ የተጻፉት በእንግሊዝኛ በመሆኑ አርእስታቸውም ሆነ አኅጽሮታቸው የአማርኛውን ቃል አይጠቁምም። ስለ ሽመና በተጻፈ ጥናት ውስጥ «ድር»፣ «ማግ»፣ «መወርወሪያ» ቢሰፍሩ እንኳ፣ በላቲን ፊደል፣ ያውም እንደየጸሐፊው ምርጫ ከተጻፉ በቃሉ የሚፈልግ ሰው አያገኛቸውም። ስለሆነም ፍለጋውን በሙያው፣ በትምህርት ክፍሉና ጥናቱ በተካሄደበት አካባቢ ስም መጀመር፣ ጽሑፉ ሲገኝም ከመግቢያው አስቀድሞ አባሪውን የቃላት ዝርዝር መመልከት ይገባል።

የከፋው ስሕተት የሚፈጸመው ግን ጽሑፉ ከተገኘ በኋላ ነው። የጥናቱ አቅራቢ የቃሉን ፍች ከደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት (1962 ዓ.ም.) ወይም በ1993 ዓ.ም. ከታተመው «አማርኛ መዝገበ ቃላት» ገልብጦት ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ የሚመጣው አዘጋጅ መዝገበ ቃላቱንና ጥናቱን ጎን ለጎን ጠቅሶ «ሁለት ምስክር አለኝ» ይላል። እኛም ብንሆን ከዚህ ነቀፋ ነፃ አይደለንም፤ በገዛ ካርዶቻችን ላይ እንዲህ ያለ ጥንድ ምስክር መዝግበን፣ ፍቹ ቃል በቃል አንድ መሆኑን የተገነዘብነው ዘግይተን ነው። አንድ ምስክር ሁለት ጊዜ ቢቆጠር ሁለት አይሆንም።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቃል ሦስት ጥያቄዎች ሊቀርቡለት ይገባል። ቃሉ ከማን፣ የትና መቼ ተሰማ? የተነገረበት ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሰፍሯልን? ፍቹስ ከቀደሙት መዛግብተ ቃላት ጋር ሲተያይ የራሱ ነውን?

የሙያ ስያሜ ለሚሹ ተርጓሚዎችም ጥንቃቄው ያው ነው። አንዱ ጥናት «ሞርፊም»፣ ሌላው «ምዕላድ» ቢል፣ እያንዳንዱ የጸሐፊውን ምርጫ ያሳያል እንጂ የሙያውን ልማድ አይመሰክርም። ልማዱን ለማወቅ ብዙ ጥናቶችን በየዓመታቸው አሰልፎ ማየት ያሻል።

ጥናት አቅራቢዎች በበኩላቸው በአባሪው ቃላቱን በግእዝ ፊደል ቢያሰፍሩልን፣ የሰሙትንም ከገለበጡት ቢለዩልን ድካማችን እጅጉን በቀለለ ነበር። ያ እስኪሆን ድረስ ከሸማኔው አንደበት የተሰማውን ቃል ከቅጂው የመለየቱ ኀላፊነት የእኛ ነው።