የወይባው ጉድጓድ

በመርሳና በሐብሩ፣ እንደ ብዙው ወሎ፣ ሴት ስትዳር ወይም ከአራስ ቤት ስትወጣ የወይባ እንጨት ጢስ ትሞቃለች። መሞቂያው ጓዳ ጥግ የተቆፈረ ጉድጓድ ነው፤ ቧንቧ የለው፣ ሞተር የለው። እኔ የማደንቀው አያያዙን ነው። ሙቀት አፉን ይሰነጥቀዋል፤ ስለዚህ ጭቃ ከጭድ ጋር ተቦክቶ ይለጠፍበታል፣ በመዳፍ ይለሰልሳል፣ በደንብ ሳይደርቅም እሳት አይገባበትም።

ነበልባል አይፈለግም። የወይባው ፍልጥ ፍም ላይ ሆኖ እየጨሰ ይቆያል። ሴቲቱ ገላዋን ቅቤ ተቀብታ፣ እስከ አንገቷ ተሸፍና ትቀመጣለች፤ ላቧ ይንቆረቆራል፣ ቆዳዋ ወርቅማ መልክና የማይለቅ ጠረን ይይዛል።

ያረጀው መሸፈኛ ሲቀየር ነው ብልሃተኛዋ የምትለየው። ርካሹ የናይለን ብርድ ልብስ ፍንጣሪ ሲነካው ይቀልጣል፤ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ቢከብድም ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል። አንገት ብቻ የሚያስወጣው የአዲስ አበባ ሳሎኖች ሳጥን ምቹ ነው፣ አልክድም፤ ግን ሲሰበር አናጢ ይጠራል። ለጓዳው ጉድጓድ ጭቃ ብቻ ይበቃዋል። በሩ ግን ክፍት ይሁን፤ የፍም ጋዝ ሽታ የለውም፣ ይገድላል።