ሊኑክስን መጨረሻ ላይ ጫኑት

አንድ ድርጅት ወደ ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር እንዲሸጋገር ስትመክሩ መጀመሪያ የምትሉት ምንድን ነው? አብዛኞቻችን «በነጻ ነው እኮ!» እንላለን። ይህ ክርክር እኛ አገር ሩቅ አያስኬድም። ዊንዶውሱን ከጓደኛው ፍላሽ ገልብጦ ለጫነ ነጋዴ ዊንዶውስም ነጻ ነው። ታዲያ ምን ልትሉት ነው?

በእኔ እምነት ክርክሩ ከፋይሎቹ መጀመር አለበት፤ ድርጅትን አጥብቀው የሚያስሩት እነሱ ናቸውና። ምሳሌው ቤታችን ውስጥ አለ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ፣ የቢሮ ደብዳቤ ይጻፍ የነበረው እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች ነበር። የቀድሞዎቹ ፎንቶች የአማርኛውን ፊደል የሚያስቀምጡት ለላቲን ፊደላትና ለልዩ ልዩ ምልክቶች በተሰጠ ቁጥር ላይ ነው። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ስትከፍቱት «ሰላም» የሚለው ቃል ትርጉም የለሽ የምልክት ጋጋታ ይሆንባችኋል። ደብዳቤው የእናንተ ነው፣ ቁልፉ ግን ሌላ ሰው እጅ ነው።

የጀርመኗን ሙኒክ በዚህ ዓይን እንያት። የከተማዋ ምክር ቤት የአስተዳደሩን ኮምፒውተሮች ወደ ሊኑክስ ለማዛወር የወሰነው በ2003 ነው። የማይክሮሶፍት አለቃ የነበረው ስቲቭ ባልመር ራሱ ከንቲባውን ሊያግባባ ሄዶ አልተሳካለትም። ሊሙክስ የተባለው ፕሮጀክት በ2013 ሲጠናቀቅ 15 ሺህ ገደማ ኮምፒውተሮች ተዛውረው ነበር። በ2017 ግን ምክር ቤቱ ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወሰነ።

ይህን ታሪክ ሁለት ወገኖች ይተርኩታል። አንዱ «ሊኑክስ ለቢሮ አይሆንም» ይላል። ሌላው «የማይክሮሶፍት እጅ አለበት» ይላል፤ ኩባንያው በ2016 የጀርመን ዋና መሥሪያ ቤቱን ወደ ሙኒክ ማምጣቱንም ይጠቅሳል። ሁለቱም ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠውን ሠራተኛ ይረሱታል። በከተማዋ አስተዳደር ውስጥ ለየብቻ የሚሠሩ ብዙ የአይቲ ክፍሎች ነበሩ፤ ለማይክሮሶፍት ኦፊስ የተሠሩ የደብዳቤ ቅጾችና ማክሮዎችም ነበሯቸው። ከሌላ መሥሪያ ቤት የሚላክ የወርድ ፋይልም አንዳንዴ ቅርጹ ተበላሽቶ ይከፈት ነበር። በ2016 የወጣ፣ ከተማዋ ያስጠናችው ጥናት እንኳ ዋናው ችግር አደረጃጀቱ ላይ እንደሆነ ጠቁሟል።

ዣንዳርመሪ የተባለው የፈረንሳይ የፖሊስ ኃይል በሌላ ቅደም ተከተል ሄደ። በ2005 ዊንዶውሱን ሳይነካ ኦፊሱን ብቻ በኦፕንኦፊስ ተካ። ቀጥሎ ፋየርፎክስና ተንደርበርድ ገቡ። ኡቡንቱ መጫን የጀመረው በ2008 ነው። ያን ጊዜ ፖሊሱ የሚከፍታቸው ፕሮግራሞች ከለመዳቸው ቆይቷል፤ የተቀየረው ከሥራቸው ያለው ሲስተም ነው። ዛሬ ከ70 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮች በሊኑክስ ይሠራሉ። እርግጥ ዣንዳርመሪ ወታደራዊ ተቋም ነው፤ ትእዛዝ ይከበርበታል፣ አለቃውም በከተማ ምርጫ አይቀየርም። ስለዚህ ውጤቱን ሁሉ ለቅደም ተከተሉ መስጠት ልክ አይሆንም። ቢሆንም ትምህርቱ ግልጽ ነው።

እንግዲህ የአጎታችሁን ማተሚያ ቤት ልታግዙ ብትሄዱ የኡቡንቱውን ፍላሽ ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩት። መጀመሪያ ፋይሎቹን ቁጠሩ፦ የትኛው በምን ፕሮግራም ነው የሚከፈተው? በአሮጌ ፎንት የተጻፉትን ወደ ዩኒኮድ ቀይሩ። ሊብሬኦፊስን እዚያው ዊንዶውስ ላይ ጫኑና አዲሱን ሥራ በክፍት ፎርማት ማስቀመጥ ጀምሩ። ሂሳብ ሠራተኛዋ በፒችትሪ የምትሠራ ከሆነ የእሷን ኮምፒውተር አትንኩ፤ ፒችትሪ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። በየቀኑ የሚጽፈው ሰው «ይሄ አልሠራልኝም» ሲላችሁ አትከራከሩት፣ ጻፉት።

ጥቂት ወራት ቆይታችሁ ዝርዝሩን እዩት። በዊንዶውስ ብቻ የሚከፈት ነገር ካጣችሁ ያን ጊዜ ሊኑክስ መጫን የአንድ ቅዳሜ ሥራ ይሆናል። አጎታችሁ «ዊንዶውሱ ይሻለኛል» ቢሉም አልከሰራችሁም፤ ነገ ሐሳባቸውን ቢቀይሩ ፋይሎቻቸው አያስቀሯቸውም።